የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ጄምስ» የማን ስም ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ሽምብጥ ነው፣ ወንድ ልጅ ወልጄ አራስ ቤት ነኝ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አሜሪካ ነው የሚኖረው፣ ለኛ ብዙ ያደረገ ሰው ነው፣ እና ልጁን «ጄምስ» በሉልኝ ብሎ ለመነን፣ እዛ ሲሄድ እንደ አባት ሆኖ የረዳው ሽማግሌ ስሙ ጄምስ ስለነበር ነው። አማቴ ደሞ «የፈረንጅ ስም እዚህ ቤት አይገባም፣ የልጅ ልጄን ለመጥራት አፌ መተሳሰር የለበትም» ብለው አሻፈረኝ አሉ። ባለቤቴ መሃል ላይ ሆኖ ዝም ብሏል። ለመሆኑ ጄምስ ትርጉም አለው? እነማን ናቸው የተጠሩበት? የልደት ምዝገባው ቀን ሳያልፍ ምከሩኝ።

መልስ፦ እህቴ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ልጁንም በእድገት በጤና ያቆይልሽ። ዋናውን ነገር ሳላንዛዛ ልንገርሽ፣ ጄምስ ማለት ያዕቆብ ነው። ይመሳሰላል ይቀራረባል ምናምን ሳይሆን ራሱ ያዕቆብ ነው፣ አገር ለአገር ሲዞር መልኩ ተቀየረ እንጂ። ስለዚ አጎትየውና አያትየው የተከራከሩት በአንድ ስም ነው ማለት ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው፣ ግሪኮቹ የዕብራይስጡን ያዕቆብ «ያኮቦስ» አሉት፣ ሮማውያን ከነሱ ተቀብለው «ያኮቡስ» አሉት፣ እዚህ ድረስ ስሙ ገና ይታወቃል። ቆይቶ ግን ላቲን በሚናገረው ሕዝብ አፍ ላይ «ያኮሙስ» የሚል ሌላ አጠራር መጣ፣ «ቡ» የነበረችው «ሙ» ሆነች። መስታወት ፊት ቁሚና «ባ» በይ፣ ቀጥለሽ «ማ» በይ፣ ከንፈርሽ ሁለቱንም ጊዜ እኩል ነው የሚገጥመው፣ ልዩነቱ «ማ» ስትይ ድምፁ በአፍንጫ መውጣቱ ብቻ ነው፣ እና እንዲህ አይነት ፊደሎች በብዙ ቋንቋ ቦታ ሲቀያየሩ ይታያል። የድሮ ፈረንሳይኛ ይሄንን ሁለተኛውን አጠራር አሳጥሮ ጄምስ አደረገው፣ ከዛ ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝን ሲይዙና የፈረንሳይ ስም ወደ ደሴቷ ሲጎርፍ ይሄም አብሮ ተሻገረ።

ነገሩን ያወሳሰበው የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ብሉይ ኪዳን ላይ የይስሐቅን ልጅ «ጄኮብ» ይለዋል፣ ሐዲስ ኪዳን ላይ ሐዋርያቱን «ጄምስ» ይላቸዋል፣ ስለዚ እንግሊዝኛውን ብቻ ያነበበ ሰው ሁለት የማይገናኙ ስሞች ይመስሉታል። የኛው መጽሐፍ ግን ሁሉንም በአንድ ስም ነው የጠራቸው፦ አባታችን ያዕቆብ፣ ሄሮድስ በሰይፍ ያስገደለው የዘብዴዎስ ልጅ ያዕቆብ፣ የእልፍዮስ ልጅ ያዕቆብ፣ የጌታ ወንድም የተባለው ያዕቆብ። እንግሊዞቹ «የጄምስ መልእክት» የሚሉት እኛ ጋ «የያዕቆብ መልእክት» ነው። መጽሐፉን ገልጠሽ ለአማትሽ አሳዪያቸው፣ ከኔ ወሬ ይልቅ እሱን ያምናሉ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ ዘንድ ያዕቁብ የሚባል ካለም ያው ስም ነው፣ ቁርኣን ውስጥም ነቢይ ነው።

ትርጉሙ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አንድ ሰው መጥቶ ሊያስደነግጥሽ ይችላል። ዘፍጥረት 25 ላይ መንትዮቹ ሲወለዱ ሁለተኛው የዔሳውን ተረከዝ ይዞ ወጣ፣ ያዕቆብ የተባለውም በዚህ ነው። ምዕራፍ 27 ላይ ደሞ በረከቱ የተወሰደበት ዔሳው ተናዶ «ስሙ ያዕቆብ መባሉ ልክ ነው፣ ሁለት ጊዜ አሰናከለኝ» የሚል ነገር ይናገራል። አንዳንዱ ይቺን ይይዝና «ያዕቆብ አታላይ ማለት ነው፣ ለልጅ አይወጣም» ይላል። እኔ በዚህ በፍፁም አልስማማም፣ የተቆጣ ወንድም በለቅሶ መሃል የተናገረው ቃል ለሕፃን ስም ዳኛ ሊሆን አይገባም። ብዙ የቋንቋ ምሁራን የሚያነሱት ሌላ ፍቺም አለ። ስሙ ጥንት «ያዕቆብ ኤል» ከሚል ረዘም ያለ ስም ያጠረ ነው ይላሉ፣ «እግዚአብሔር ይጠብቅ» እንደማለት፣ ይሄን የሚመስሉ ስሞች የጥንት ሜሶጶጣሚያ የሸክላ ጽሑፎች ላይ ተገኝተዋል። ለዚህ ፍቺ ከሚጠሩት ምስክሮች አንዱ ደሞ የኛው ግዕዝ ነው! ዐቀበ ማለት ጠበቀ ነው፣ ዐቃቤ ሕግ የምንለው ሕግ ጠባቂ ማለታችን ነው፣ ማዕቀብም ከዚሁ ነው የወጣው። እንግዲህ ልጅሽን ያዕቆብ ብለሽ ስትጠሪው ይጠብቅልኝ እንደማለት ነው፣ ከዚህ የተሻለ ምን አይነት ስም ይገኛል?

«የኛ ስም አይደለም» ለሚለው ደሞ ጣና ሐይቅ ራሱ ይመልሳል። ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የነገሥታት አፅም እንዳለ ታውቂያለሽ፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ሆኖ ይታያል፣ ከነሱ አንዱ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። እኔና አንቺ ሴት ስለሆንን ደሴቷ ላይ ባንወጣም ባለቤትሽ ሄዶ አይቶ ይንገራቸው። ሌላው ዐፄ ያዕቆብ ነው፣ የሠርጸ ድንግል ልጅ፣ በ1597 ገና ሕፃን ሳለ ነገሠ፣ በ1603 ወረደ፣ ተመልሶ ነገሠና በ1607 እዚሁ ጎጃም ጎል በተባለ ቦታ ከሱስንዮስ ጋር ሲዋጋ ሞተ። አሁን ወደዛኛው ዓለም ዞር ብለሽ እይ፣ በዛው በ1603 የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝን ዙፋን ወረሰ፣ እሱም ስኮትላንድ ላይ ሲነግሥ ገና ዓመት ያለፈው ሕፃን ነበር። በ1607 ደሞ እንግሊዞች አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያዋን ዘላቂ ሰፈራቸውን መሥርተው በሱ ስም ጄምስታውን አሏት። እዛ ጄምስ ነግሦ እዚህ ያዕቆብ የነገሠበት ዘመን ነበር ማለት ነው፣ አንዱ ስለሌላው ስም ሳያውቅ። እንግሊዞች እስከዛሬ የሚያከብሩትን የ1611ዱን የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ያዘዘውም ይሄው ጄምስ ነው።

ስሙ ስኮትላንድ ውስጥ ሥር የሰደደው ደሞ ከሱ በፊት አምስት ነገሥታት በተከታታይ ጄምስ ስለተባሉ ነው፣ ሕዝቡም በነገሥታቱ ስም ልጆቹን ጠራ። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ታዋቂ ጄምሶች ስኮትላንዳዊ የሆኑት። አንዱን በየቀኑ ታነሺዋለሽ፣ ሱቅ ሄደሽ «ባለ 60 ዋት አምፖል ስጠኝ» ስትዪ «ዋት» ያልሽው የሰው ስም ነው፣ ጄምስ ዋት (1736–1819)፣ የእንፋሎት ሞተርን ያሻሻለው መካኒክ። ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል ስንል 460 ሚሊዮን ጊዜ የሱን ስም ጠራን እንደማለት ነው። ኤሌክትሪክና ማግኔትን በአንድ ሕግ ያሰረው ጄምስ ክላርክ ማክስዌልም ስኮትላንዳዊ ነው፣ የጉልበት መለኪያ ላይ ስሙ የቀረው ጄምስ ጁል ግን እንግሊዛዊ ነው፣ ልጅሽ ፊዚክስ ሲማር ሁሉንም ያገኛቸዋል። ቅርጫት ኳስን በ1891 የፈጠረው ጄምስ ኔይስሚዝ የስኮትላንድ ስደተኞች ልጅ ነው፣ ካናዳ የተወለደ።

አሜሪካ ውስጥ ደሞ ስሙ ሌላ ነገር ነው። ባለፉት 100 ዓመታት ለወንድ ልጅ በብዛት የወጣው ስም ጄምስ ነው፣ ከፕሬዝዳንቶቻቸውም ስድስቱ ጄምስ ናቸው፦ ማዲሰን፣ ሞንሮ፣ ፖልክ፣ ቡካናን፣ ጋርፊልድና ካርተር። የላይቤሪያ ዋና ከተማ ሞንሮቪያ የተባለችው በጄምስ ሞንሮ ነው። ካርተርን ሁሉም ሰው «ጂሚ» ብሎ ስለሚያውቀው ጄምስነቱ ይረሳል፣ መዝገብ ላይ ግን ጄምስ ኧርል ካርተር ነው፣ ጂሚ የቤት ስሙ ነበር፣ በ1977 ቃለ መሐላ ሲፈጽም እንኳን ጂሚ ካርተር ብሎ ነው የማለው። እኔ ለኛ አካባቢ ሰው አንድ ጄምስ ምረጪ ብባል የምመርጠው እሱን ነው። በ1982 ያቋቋመው የካርተር ማዕከል ከክልላችን ጤና ቢሮ ጋር ሆኖ ለዓመታት ትራኮማን ሲዋጋ ኖሯል። ትራኮማ እናቶቻችንን ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌናቸውን እየጫረ ያሳወረ በሽታ ነው፣ ወረንጦ ይዘው ጠጉሩን ሲነቅሉ ያደጉበት ቤት ያለ ሰው ያውቀዋል፣ ክልላችን ደሞ በዓለም ላይ በሽታው ከጠናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በየቀበሌው ዚትሮማክስ የሚባለውን መድኃኒት ቁመት እየተለካ ሲያድሉ፣ ለሕፃናት በሽሮፕ ለአዋቂ በኪኒን፣ ፊት ታጠቡ ሽንት ቤት ቆፍሩ እያሉ ሲያስተምሩ አማትሽም ተሰልፈው ወስደው ይሆናል፣ ከዛ ሁሉ ሥራ ጀርባ አንድ ጄምስ ነበረበት። በ2002 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጠው፣ በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. በ100 ዓመቱ አረፈ። ይሄን ለእሳቸው ብትነግሪያቸው ስሙን የሚጠሉት አይመስለኝም።

ምክሬን ከመጨረስ በፊት ከዚሁ ስም ጋር የሚሄዱ ሁለት ጥያቄዎች ስለደረሱን እዚሁ ላስገባቸው።

ጥያቄ፦ ጣና ላይ የጀልባ አስጎብኚ ነኝ። እንግዶች ስለ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ስለ ጄምስ ብሩስ በጣም ይጠይቁኛል። አንድ ሽማግሌ ቱሪስት «እዚህ አገር ያዕቆብ ነበር የሚሉት» አለኝ፣ እውነት ነው? «ዓባይን ያገኘው እሱ ነው» የሚለውስ?

መልስ፦ ወንድሜ የመጀመሪያው እውነት ነው። ብሩስ ራሱ በጻፈው መጽሐፍ ጎንደር ላይ «ያጎቤ» እያሉ ይጠሩት እንደነበር ይናገራል፣ ያዕቆብን በሱ ጆሮ የሰማው እንደዛ ነው። የጎንደር ሰው ስሙን ሲሰማ የት እንደሚመድበው አውቆታል ማለት ነው፣ ትርጉም ማንም ሳይነግረው!

ሰውየው በ1730 ነው የተወለደው፣ መስከረም 1769 ምፅዋ ደረሰ፣ በየካቲት 1770 ጎንደር ገባ። ቤተ መንግሥት ያስገባው ሕክምናው ነው፣ ያኔ ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና ቁስቋም እቴጌ ምንትዋብ ዘንድ የታመሙትን ልጆች ሲያክም ታመነ፣ ከራስ ሚካኤል ስሑልና ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አስቴር ጋር የተዋወቀውም በዚህ ነው። በግንቦት ከጦሩ ጋር ወጥቶ ጢስ ዓባይን አይቶ ተመለሰ፣ ከዛ በድጋሚ ተነስቶ ኅዳር 4 ቀን 1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ ደረሰ። ምንጩ ዳር ቆሞ በኮኮናት ቅል ውሃውን ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ ጤና ጠጣ፣ አብሮት የነበረው ግሪካዊ ምን እንደነካው ግራ ገብቶት ነበር። ሥዕል የሚሥልለት ጣሊያናዊ ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ሞቶ ቀረ፣ ብዙ ሰው ግን ስሙን አያነሳለትም፣ አንተ አንሳለት። ብሩስ በታኅሣሥ 1771 ከጎንደር ወጣ፣ ይዞ ከሄደው ውስጥ በአውሮፓ ጠፍቶ የነበረው መጽሐፈ ሄኖክ በግዕዝ ይገኛል፣ ሦስት ቅጂ። ለኔ ከምንጩም በላይ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ሙሉውን መጽሐፍ ጠብቆ ያቆየው የኛው ቤተ ክርስቲያን መሆኑን የአውሮፓ ምሁር በዛ ነው የተረዳው፣ እንግሊዝኛ ትርጉሙም በ1821 ወጣ። ለንደን ሲመለስ ግን ጥሬ ሥጋ ይበላሉ ምናምን ያለውን ማንም አላመነውም፣ ተናዶ ቤቱ ገብቶ ቆየና ጉዞውን በአምስት ቅጽ ያሳተመው በ1790 ነው። በ1794 ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ።

ሁለተኛው ጥያቄህ ላይ ግን ጠንከር በል። «አገኘ» አትበል፣ ሐሰት ነው። ከአውሮፓውያን እንኳን ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በሚያዝያ 1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ምንጩን አይቶ ጽፏል፣ ብሩስ ይሄን ለመካድ ብዙ ደከመ፣ አልሆነለትም። ምንጩ ያለበት የሰከላ ሰው ደሞ ሁለቱም ሳይወለዱ እዛው ምንጭ ላይ ሲጠመቅ የኖረ ነው። እንግዶችህ ክብር የሚሰጡህ እውነቱን ስትነግራቸው ነው፣ «መጥቶ አየ፣ ጽፎ ለዓለም አሳወቀ» በላቸው፣ ይበቃዋል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶች ስላሉህ። ጄምስ ቦንድ የሚባለው የሰላይ ገጸ ባሕርይ ስሙ የተወሰደው ካሪቢያን ወፎችን ካጠና እውነተኛ አሜሪካዊ የወፍ ተመራማሪ ነው፣ ጄምስ ቦንድ (1900–1989)። ፔሊካኖቹን እያሳየሃቸው ይሄን ብትነግራቸው ይወዱታል።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የኮሎምቢያው ተጫዋች ጄምስ ተብሎ ተጽፎ ለምንድነው ኮሜንታተሮች «ሃሜስ» የሚሉት?

መልስ፦ ጎበዝ ጥያቄ! ፊደሉ ያው የእንግሊዝኛው ነው፣ ግን ስፓንኛ የመጀመሪያዋን ፊደል «ሀ» ብሎ ነው የሚያነባት፣ የሚጠራውም በአገሩ አነባበብ ስለሆነ ሃሜስ ሮድሪጌዝ ተባለ። በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ 6 ጎል አግብቶ የወርቅ ጫማውን የወሰደው እሱ ነው። ከዛ ወደ ሪያል ማድሪድ ሄደ፣ ስታዲየሙ ሳንቲያጎ በርናቤው ነው አይደል? «ሳንት» ማለት ቅዱስ፣ «ያጎ» ማለት ያዕቆብ፣ ሳንቲያጎ ቅዱስ ያዕቆብ ማለት ነው፣ የድሮ የክለቡ ፕሬዝዳንት ስም ነው። ያዕቆብ በያዕቆብ ሜዳ ተጫወተ ማለት ነው! ቲያጎ ሲልቫም ከዚሁ ነው፣ «ሳን» ተቆርጣ ቲያጎ ቀረ። የቺሊ ዋና ከተማ ሳንቲያጎም እንደዛው። ጣሊያኖች ጃኮሞ፣ ፈረንሳዮች ዣክ፣ አየርላንዶች ሼመስ፣ ስኮትላንዶች ሄሚሽ፣ ሁሉም አንድ ስም ናቸው። ጓደኞችህ ጋ ኳስ ስታዩ ከሰልፉ ውስጥ ስንት ያዕቆብ እንዳለ ቁጠሩ።

አሁን ወደ አራሷ እህቴ ልመለስ። እኔ አንቺን ብሆን መዝገብ ላይ የማስጽፈው ያዕቆብ ብዬ ነው። የአጎትየው ልመና ትክክል ነው፣ ለዋለለት ሽማግሌ መታሰቢያ ነው የፈለገው፣ እና መታሰቢያው አልቀረበትም፣ ያ ሽማግሌ ራሱ ያዕቆብ ነበርና። ደውዪለትና ይሄን አስረጂው፣ ሲደውል ጄምስ ይበለው፣ ጂሚ ይበለው፣ ልጁም ለሁለቱም አቤት ይበል። አያትየውም አፋቸው ሳይተሳሰር ይጠሩታል። ልጁ ነገ ውጭ ቢወጣ ስሙን እዛ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ እዚህ ቢኖር ደሞ ማንም «ምን ማለት ነው?» አይለውም፣ ጄምስ ብለሽ ብታስጽፊው ግን ትምህርት ቤት ሁሉ ሲያብራራ ነው የሚኖረው።

ምዝገባውን እንዳታዘገዪው፣ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ነው መመዝገብ ያለበት። የምስክር ወረቀቱ ላይ ስሙ በእንግሊዝኛም ስለሚጻፍ ቀድማችሁ ተስማሙ፣ በ«ዋይ» ጀምሮ ያዕቆብ ተብሎ ይጻፍ ወይስ በ«ጄ» ጄኮብ፣ እኔ የመጀመሪያው ይሻላል ባይ ነኝ፣ አነባበቡ የኛ ሆኖ ይቀራል። የመረጣችሁትን ደሞ ፊደል በፊደል ክትባት ካርዱም ላይ፣ ትምህርት ቤትም፣ ፓስፖርትም ላይ አንድ አይነት አድርጉት፣ አንዲት ፊደል ስትለያይ ሰው ስንት ቢሮ እንደሚመላለስ እናውቀዋለን። የክርስትና ስሙ ለብቻው ነው፣ እሱን ለካህኑ ተዉለት። ለአማትሽ ደሞ ነሐሴ 28 የአብርሃም የይስሐቅ የያዕቆብ በዓል መሆኑን አስታውሻቸው፣ ድግሱን እሳቸው ያውቁበታል።